«አሁኑኑ» ወይስ «በተቻለ አጭር ጊዜ»?

ባለፈው እትም ስለ ጋና የነጻነት ቀን አጭር ማስታወሻ አስነብቤ ነበር። ከዚያ ወዲህ አዳማ ፖስታ ቤት አጠገብ ባለችው የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ የተጠራቀሙልኝን ደብዳቤዎች ስከፍት፣ አብዛኞቹ የአገሪቱን የነጻነት መሪ የንክሩማህን ነገር ትተው ሕዝቡ ስለጮኸው መፈክር የሚጠይቁ ሆነው አገኘኋቸው። ደስ አለኝ። መሪዎቹ ሐውልትም አደባባይም ቆሞላቸዋል፤ መፈክሮቹን ግን ዞር ብሎ የሚያያቸው የለም። ስለዚህ የሌሎቻችሁን ጥያቄ ለሚቀጥለው ወር አቆይቼ በዚህ በመፈክር ጉዳይ ብቻ እመልሳለሁ። የውጭ አገሮችን ዘመን በአውሮፓውያን፣ የእኛን በእኛው አቆጣጠር እጽፋለሁ።

«ጋሼ፣ በትምህርት ቤታችን የክርክር ክበብ ‹ቅኝ ገዢዎችን ያስወጣቸው መፈክር ነው ወይስ ጠመንጃና ገንዘብ?› የሚል ርዕስ ተሰጥቶን ለእኔ የደረሰኝ የመፈክሩ ወገን ነው። ተቃራኒዎቻችን ‹መፈክር ጩኸት ነው፤ በጩኸት ነጻ የወጣ አገር የለም› እያሉ ከአሁኑ ያሾፉብናል። ምን ልበላቸው?»
የ12ኛ ክፍል ተማሪ፣ አዳማ

ልጄ፣ ርዕሱ ራሱ ጠማማ ነው። ብሪታንያ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዕዳ ተሸክማ ባትወጣ፣ የቬትናምና የአልጄሪያ ተዋጊዎችም ፈረንሳይን ባያደክሟት ኖሮ፣ መፈክር ሰምቶ ሻንጣውን የሚያሰናዳ አገረ ገዢ አይገኝም ነበር። ይህንን አትካጂ፤ ከካድሽ በመጀመሪያው ዙር ትሸነፊያለሽ። «ጩኸት ነው» ለሚለው ፌዝ ግን መልስ አለሽ። ወደ ጎልድ ኮስት፣ ማለትም ዛሬ ጋና ወደምትባለው አገር ውሰጃቸው።

በ1947 እዚያ ጠበቆችና ባለ ሀብቶች አንድ ማኅበር መሥርተው የራስ አስተዳደር ይጠይቁ ጀመር። የጠየቁት «በተቻለ አጭር ጊዜ ውስጥ» እንዲሰጣቸው ነበር። ጨዋ አነጋገር ነው፤ ከአገረ ገዢው ጋር ሻይ እየጠጡም ሊናገሩት ይችላሉ። አጭሩ ጊዜ ስንት ነው፣ የሚለካውስ ማን ነው ብሎ ለሚጠይቅ ግን መልስ የለውም። ንክሩማህ በዚያው ዓመት መጨረሻ የማኅበሩ ዋና ጸሐፊ ሊሆን ከለንደን ተመለሰ። ከጠሩት ሰዎች ጋር ብዙም አልቆየም። ጁን 12 ቀን 1949 አክራ ላይ የራሱን ፓርቲ ሲያውጅ መፈክሩ «የራስ አስተዳደር አሁኑኑ!» ሆነ። ሁለቱም ወገኖች የሚጠይቁት ያንኑ የራስ አስተዳደር ነበር። የተለያዩት በቀጠሮው ነው።

ይህ «አሁኑኑ» ባዶ ሜዳ ላይ አልወደቀም። በካካዎ ዛፎች ላይ ቅርንጫፍ የሚያሳብጥ በሽታ ገብቶ ነበር፤ መንግሥት ያገኘለት መድኃኒት ዛፉን ቆርጦ መጣል ነው። ገና ፍሬ የሚለቀምበት ዛፉ በመንግሥት ሠራተኛ መጥረቢያ ሲወድቅ ቆሞ ያየ ገበሬ ምን እንደሚሰማው መገመት አያቅትሽም። በ1948 መጀመሪያ ደግሞ የሸቀጥ ዋጋ ያንገበገበው የከተማ ሰው ከውጭ ነጋዴዎች ሱቅ ላለመግዛት አደመ። በዚያው ዓመት ፌብሩዋሪ 28 ቀን ለብሪታንያ ዘምተው የተመለሱ ወታደሮች አቤቱታቸውን ይዘው ወደ አገረ ገዢው መኖሪያ ሲያመሩ ተተኮሰባቸው፤ 3ቱ ሞቱ፤ ከተማው በእሳት ተያያዘ። እንግዲህ ለገበሬው «አሁኑኑ» ማለት መጥረቢያውን አቁሙልኝ ነው። ለዘማቹ ቃል የተገባልኝን ክፈሉኝ ነው። በገበያ ለምትቸረችረው ሴት የጨርቁ ዋጋ ይውረድልኝ ነው። ሦስቱን አንድ አዳራሽ አስገብተሽ ብታወያያቸው እስከ ማታ ላይግባቡ ይችላሉ። በአንዲት መፈክር ስር ግን ተሰለፉ፤ እያንዳንዳቸውም የየራሳቸውን ጣጣ ይዘው ገቡባት።

በጃንዋሪ 1950 ሥራ የማቆምና ዕቃ ያለመግዛት ጥሪ ተደረገ፤ ንክሩማህም ታሰረ። ተከታዮቹ ከወህኒ ሲወጡ ያደረጉትን ሳትይዢ ወደ ክርክሩ አትግቢ፦ «የእስር ቤት ምሩቅ» የሚል ፍቺ ያላቸው ሁለት ፊደላት የተጻፉበት ቆብ ደፍተው በየመንገዱ ይንጎራደዱ ነበር። መንግሥት ለማዋረድ ያሰበበትን ነገር ማዕረግ አደረጉት። በፌብሩዋሪ 1951 ምርጫ ፓርቲያቸው አሸነፈ፤ መሪያቸው በወህኒ እንዳለ ተመረጠ፤ አገረ ገዢውም አስፈትቶ የመንግሥት ሥራ እንዲመራ ጠራው።

ተቃራኒዎችሽ ብልሆች ከሆኑ እዚህ ላይ ይነሱብሻል። ሙሉ ነጻነት የመጣው ማርች 6 ቀን 1957 ነው፤ «አሁኑኑ» ከተባለ 8 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው። እውነታቸውን ነው። አንቺም መልሰሽ ጠይቂያቸው፦ መፈክሩ «በተቻለ አጭር ጊዜ» ሆኖ ቀርቶ ቢሆን፣ በእነዚያ ዓመታት በየሰልፉ «እስከ ዛሬ ለምን?» ብሎ ለመጠየቅ አፍ የሚኖረው ማን ነበር?

ጊዜ ከተረፈሽ ሕንድን ጨምሪ። ኦገስት 8 ቀን 1942 ቦምቤይ ላይ ኮንግረስ ፓርቲ «ሕንድን ልቀቁ» የሚለውን ውሳኔ አጸደቀ። ሐረጉን ያፈለቀው በጊዜው የከተማዋ ከንቲባ የነበረው ዩሱፍ መህራሊ እንደሆነ ይነገራል። ይኸው ሰው በ1928 አንድም ሕንዳዊ ያልተካተተበት የብሪታንያ አጥኚ ቡድን በሳይመን መሪነት ሲመጣ «ሳይመን ተመለስ» የሚለውን መፈክር የሰጠ ነው ይባላል፤ ተሰጥኦው ግልጽ ነው። ጋንዲም በዚያች ማታ «ወይ እናደርገዋለን ወይ እንሞታለን» አለ። በማግስቱ ገና ሳይነጋ ጋንዲና ሌሎቹ የፓርቲው መሪዎች ተለቅመው ታሰሩ። የቀረው ሰልፈኛ አዛዥም የጽሑፍ መመሪያም የለውም፤ በእጁ ያለው ሁለት ቃል ብቻ ነው። በእነዚያ ሁለት ቃላት ግን ወራቱን ሙሉ ሱቅ ሲዘጋ፣ ትምህርት ሲቋረጥ፣ የባቡር ሐዲድ ሲነቀል፣ የቴሌግራፍ ሽቦ ሲበጠስ፣ ፖሊስ ጣቢያ ሲቃጠል ከረመ። ጋንዲ ሰላማዊ ትግል ያለው ይህንን ነበር ወይ? አልነበረም። ይቺን የመጨረሻዋን ግን ለተቃራኒዎችሽ አትንገሪያቸው፤ ራሳቸው ይድረሱባት።

«በወጣትነቴ በቀበሌ የኪነት ቡድን ውስጥ ነበርኩ። ካድሬው ያወጣል፣ እኛ ግራ እጃችንን አንስተን እንቀበላለን። ምን እንደሆነ ሳናውቀው ያልነው ብዙ ነው። በቅኝ በተገዙት አገሮች የነጻነት ትግል ጊዜስ ሕዝቡ እንደ እኛ ተቀባይ ብቻ ነበር?»
የጨርቅ ነጋዴ፣ አዳማ

እህቴ፣ እርስዎ ሲቀበሉ ከራስዎ በላይ ተወጥሮ የነበረውን ጨርቅ የጻፍኩት እኔ ልሆን እችላለሁ። ያኔ ናዝሬት በምትባለው በዚህችው ከተማ ታሪክ አስተምር ነበር። የእጅ ጽሕፈቴ የሚነበብ ስለነበር፣ በዓል በደረሰ ቁጥር ቀበሌው ቀይ ጨርቅ፣ ነጭ ቀለምና ብሩሽ አዘጋጅቶ ይጠራኛል። ቃሉ ከላይ ተወስኖ፣ በወረቀት ተጽፎ፣ ማኅተም አርፎበት ይመጣል። የእኔ ሥልጣን በመጠኑ ላይ ብቻ ነው። «አብዮታዊት እናት ሀገር ወይም ሞት» የሚለውን በ5 ሜትር ጨርቅ ላይ ለማስገባት ከመጀመሪያው በእርሳስ አስምሮ ፊደል መቁጠር ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ «ሞት» መጨረሻ ላይ ተጨናንቃ እንደ ቅንፍ ጽሑፍ ትቀራለች። የአዳማን ነፋስ ደግሞ ያውቁታል። ዛሬ የኤሌክትሪክ ተርባይን የሚያዞረው ነፋስ በዚያን ጊዜ ሥራው የእኔን ጨርቅ መገንጠል ነበር። ስለዚህ በፊደሎቹ መካከል የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ እየቀደድን ማለፊያ እናበጅለታለን። ወደ ሐረር በሚወስደው አስፋልት ላይ ከወዲህ ወዲያ ማዶ የወጠርነውን፣ ጭነቱ ከፍ ያለ መኪና ይዞት የሄደም አለ። ሾፌሩ ሳያውቅ እናት ሀገርን አዋሽ ድረስ አድርሷት ይሆናል።

ከእነዚያ ቃላት ሁሉ አንዱን እስከ ዛሬ አልረሳሁም። በሐምሌ 1966 «ኢትዮጵያ ትቅደም» ሲባል «ያለ ምንም ደም» የሚል ቤት መምቻ ነበረው። ኅዳር 14 ቀን 1967 ሌሊት 60 ያህል ሰዎች ያለ ፍርድ ተረሸኑ። በእኛ መንገድ ላይ ጨርቁ እንደተሰቀለ ነበር፤ አውርዱት ያለም፣ ለምን አልወረደም ያለም አልሰማሁም። እርስዎ «ሳናውቀው ያልነው» የሚሉት የዚህን ዓይነቱን ከሆነ፣ ያወጣውም ማወቁን እጠራጠራለሁ።

ከዚህ ጋር «መሬት ለአራሹ»ን ያስተያዩት። ይህንን በየካቲት 1957 ተማሪዎች ወደ ፓርላማ ይዘውት ወጡ። ማኅተም የለበትም። ፖሊስ ቢበትነው፣ የወጡት ቢታሰሩ በሚቀጥለው ዓመት በሌሎች ልጆች አፍ ተመልሶ ይመጣል። የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ ሕዝቡ እንደዚያ የወጣው ወታደሮቹን ስለወደደ አይመስለኝም፤ 10 ዓመት የጠየቀውን ስለሰማ ነው። ደርግ በራሱ መፈክር አግኝቶት የማያውቀውን ጭብጨባ በሰው መፈክር አገኘ።

ወደ ጥያቄዎ ልመለስ። አውጪና ተቀባይ በሁሉም አገር አለ። በደቡብ አፍሪካ አንዱ «አማንድላ!» ይላል፣ «ኃይል!» ማለቱ ነው፤ ሕዝቡ «አዌቱ!» ብሎ ይመልሳል፣ «የእኛ!»። ኃይሉ የማን እንደሆነ የሚናገረው ተቀባዩ መሆኑን ልብ ይበሉ፤ አውጪው ብቻውን ቢጮህ ዐረፍተ ነገሩ ጎዶሎ ነው። በዚምባብዌ ገጠሮች በጦርነቱ ጊዜ ታጋዮች ሕዝቡን ሌሊቱን ሙሉ ሰብስበው ያዘፍኑት ነበር። «ፓምበሪ!» ሲባል ወደፊት የሚገፋውን፣ «ፓሲ!» ሲባል የሚወድቀውን እየጠሩ ያድራሉ። የመጣው ሁሉ ወዶ እንዳልመጣ፣ ባንዳ ነው የተባለም እዚያው ይቀጣ እንደነበር ይታወቃል። ከእኛ ቀበሌ አዳራሽ ብዙ የራቀ አይደለም፤ ነጻነት የተጨመረበት ጥሪም ቢሆን።

ለእርስዎ የምመርጥልዎት ግን አልጄሪያን ነው። እዚያ የሰፈሩት ፈረንሳውያን «አልጄሪያ የፈረንሳይ ናት» የሚለውን መፈክራቸውን በአፍ ማሰማት ሲሰለቻቸው በመኪና ጡሩምባ ይመቱት ነበር፦ ሦስት አጭር፣ ሁለት ረጅም። ማታ ማታ ደግሞ ከሰገነት ላይ በድስት። ቃል የሌለው መፈክር ነው፤ የሰማው ሁሉ ግን ያውቀዋል። በአልጀርስ ከተማ ፈረንሳይን በጠመንጃ የሚታገለው የነጻነት ግንባር ድርጅት በ1957 በወታደር ተደምስሶ ነበር። የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ደጎል አልጄሪያን ሲጎበኝ ዲሴምበር 11 ቀን 1960 ከድሆቹ ሰፈሮች ሕዝብ ገንፍሎ ወጣ፤ ሴቶችና ልጆች በየቤታቸው የሰፉትን ሰንደቅ ይዘው «ነጻ አልጄሪያ!» እያሉ። ይህንን ያወጣላቸው ካድሬ አልነበረም፤ ግንባሩ ራሱ ከኋላቸው ነው የደረሰው። ከዚያ በኋላ ፓሪስ ውስጥ «ጥቂት ሽፍቶች ናቸው» ብሎ ሰው ማሳመን አስቸጋሪ ሆነ።

ከሁሉም የምወደው ገና ይመጣል። በጁላይ 1962 ነጻነት መጣ፤ ወዲያው የድሉ ባለቤቶች ሥልጣን ለመከፋፈል እርስ በርስ መታኮስ ጀመሩ። ካስባህ በሚባለው የአልጀርስ አሮጌ ሰፈር ግድግዳዎች ላይ «አንድ ጀግና ብቻ፦ ሕዝቡ» የሚል ጽሑፍ ተለቅልቆ ነበር። ሕዝቡም በሁለቱ ታጣቂዎች መካከል ገብቶ «ሰባት ዓመት ይበቃናል!» አለ። ተቀባይ የነበረው አወጣ። መሪዎቹ ተቀበሉት ወይ? ለጥቂት ቀናት። በመጨረሻ አልጀርስ የገባው ከድንበር ማዶ የተደራጀ ጦር የነበረው ወገን ነው። ቢሆንም ያንን ያለ ሕዝብ ተቀባይ ብቻ ነበር ማለት አልችልም።

«እኛ ቅኝ አልተገዛንም። ታዲያ በልጅነታችን ያንን ሁሉ ‹ኢምፔሪያሊዝም ይውደም› ከማን ተውሰን ነው የጮኽነው?»
የአውቶቡስ ትኬት ሠራተኛ፣ አዳማ መናኸሪያ

የተዋስነውማ ብዙ ነው። ፊደል ካስትሮ ማርች 5 ቀን 1960 ሃቫና ላይ፣ በመርከብ ፍንዳታ ለሞቱ ሰዎች ቀብር ሲናገር «አገር ወይም ሞት!» አለ። ከላይ ፊደሉን እየቆጠርኩ ከጻፍኩት ጋር ጎን ለጎን ያድርጉትና ዝምድናውን ራስዎ ይፍረዱ።

ነገር ግን ከመዋሳችን በፊት አበድረናል፤ ስሙም አገራችን ራሷ ናት። «ኢትዮጵያ እጆቿን ወደ እግዚአብሔር ትዘረጋለች» የምትለዋን የመዝሙረ ዳዊት ቃል በአሜሪካና በካሪቢያን ያሉ ጥቁሮች ባርነትን ሲቃወሙ ይጠቅሷት ነበር። በ1892 በደቡብ አፍሪካ ፕሪቶሪያ አንድ ጥቁር ቄስ ከነጮቹ ቤተ ክርስቲያን ሲለይ የራሱን «የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን» አላት፤ ይህ ከዓድዋ 4 ዓመት ቀድሞ ነው። «አፍሪካ ለአፍሪካውያን» የሚለውን በዓለም ዙሪያ ያስተጋባው የጃማይካው ተወላጅ የማርከስ ጋርቬይ ማኅበርም መዝሙሩን የሚጀምረው ኢትዮጵያን የአባቶቻችን ምድር ብሎ በመጥራት ነው።

ጣልያን በአውሮፓውያኑ 1935 ሲወርረን ደግሞ «እጃችሁን ከኢትዮጵያ ላይ አንሱ» የሚል መፈክር ከኒው ዮርክ ሃርለም እስከ ለንደን ተሰማ። ኋላ የኬንያ መሪ የሆነው ጆሞ ኬንያታ በለንደን ለኢትዮጵያ ወዳጆች ማኅበር ይሠራ ነበር። ንክሩማህ ወደ አሜሪካ ለትምህርት ሲሄድ በዚያው ዓመት ለንደን አርፎ፣ ጋዜጣ ሻጭ ያቆመው ሰሌዳ ላይ «ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ወረረ» የሚል አነበበ። በሕይወት ታሪኩ እንደጻፈው ከተማው በሙሉ በእርሱ ላይ ጦርነት ያወጀበት ያህል ተሰማው፤ መንገደኛው ሁሉ ግን ፊቱን ሳይለውጥ ያልፍ ነበር። እንግዲህ «ቅኝ አልተገዛንም፤ ምን አገባን» ለሚሉ ሰዎች፣ የሌሎቹ ታሪክ እኛን አላገባንም እንዳላለን ይንገሩልኝ።

«አያቴ ‹በነጻነት ስም የጮኹት ሁሉ ሥልጣን ሲይዙ መፈክሩን ብር ላይ አተሙት› ይሉ ነበር። እውነት ነው? መፈክሩስ ከመጀመሪያው ማታለያ ነበር ማለት ነው?»
የሒሳብ ሠራተኛ፣ ሐዋሳ

አያትዎ ተረት አላወሩም። በሰሜን ሮዴዥያ የነጻነት ታጋዮች መፈክር «ክዋቻ!» ነበር፤ ነጋ፣ ጎህ ቀደደ ለማለት። አገሪቱ ዛምቢያ ሆና በ1968 የራሷን ገንዘብ ስታወጣ ስሙን ክዋቻ አለችው፤ ማላዊም በ1971 ይህንኑ ስም ለገንዘቧ ሰጠች። የምንዛሪ ተመን ያለው መፈክር ይኸውልዎት። እርስዎ የሒሳብ ሰው ስለሆኑ ቀጣዩን ያስተውሉታል፦ የዛምቢያ ኑሮ በመዳብ ላይ የቆመ ነው፤ በ1970ዎቹ አጋማሽ የመዳብ ዋጋ ሲወድቅ ጎሁም አብሮ መውደቅ ጀመረ።

ከሁሉም የሚከነክነኝ የጊኒ ነው። ኦገስት 25 ቀን 1958 ደጎል ኮናክሪ መጥቶ ከፈረንሳይ ጋር በአንድ ማኅበረሰብ እንቀጥል ሲል፣ የጊኒው መሪ ሴኩ ቱሬ ፊት ለፊቱ «በባርነት ከሚገኝ ሀብት በነጻነት የሚገኝ ድህነት እንመርጣለን» አለው። በሴፕቴምበር 28 ሕዝበ ውሳኔ ከፈረንሳይ የአፍሪካ ግዛቶች ሁሉ «አይሆንም» ብላ የወጣች ጊኒ ብቻ ናት። ፈረንሳዮቹ ተቆጥተው ባለሙያውንም፣ ሰነዱንም፣ የሚነቀለውንም ዕቃ ይዘው ወጡ። በዚያን ዕለት በኮናክሪ አደባባይ ብሆን ኖሮ እኔም እጄ እስኪቀላ አጨበጭብ ነበር። ድህነቱ እንደተባለው መጣ። ነጻነቱ ግን ተመርጦ ነው የታደለው። ካምፕ ቦይሮ በሚባለው እስር ቤት በ1977 በርሃብ እንዲሞቱ ከተደረጉት አንዱ ዲያሎ ቴሊ ነው፤ አዲስ አበባ ተቀምጦ የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን በመጀመሪያው ዋና ጸሐፊነት የመራው ሰው። መፈክሩ ስለ ሀብትና ስለ ባርነት ይናገራል፤ የራስ ሰው እስረኛ ሲያደርግህ ምን እንደሚባል ግን ቃል አላስቀመጠም።

ተቃራኒውንም ልንገርዎ፤ መፈክርን ባዶ ለማድረግ የሞከረ ሰው ምን እንደገጠመው። ኮንጎ ጁን 30 ቀን 1960 ከቤልጂግ ነጻ ወጣች። ከ20 ሺህ በላይ ወታደር ያለው የአገሪቱ ጦር አንድም ኮንጎአዊ መኮንን አልነበረውም። የጦሩ አዛዥ የቤልጂጉ ጄኔራል ጃንሴንስ ጁላይ 5 ቀን ወታደሮቹን ሰብስቦ በጥቁር ሰሌዳ ላይ «ከነጻነት በፊት = ከነጻነት በኋላ» ብሎ ጻፈላቸው። እርስዎ የእኩል ምልክት ዋጋ ያውቃሉ፤ ወታደሮቹም አወቁት። በዚያው ቀን አመጹ ተነሳ፤ በሳምንት ውስጥ አገሩ ተናጋ። ሰውዬው በአንዲት ሰሌዳ ላይ «ነጻነት» ብለው የጮኹት ሰዎች በቃሉ ውስጥ ምን አስቀምጠው እንደነበር አሳየን፦ ማዕረግ፣ ደመወዝ፣ ጥቁሩ ሲያዝዝ ነጩ ሲሰማ ማየት።

ማታለያ ነበር ወይ ብለው ለጠየቁኝ፣ በጊኒ ቢሳው የታገለው አሚልካር ካብራል የተሻለ ይመልስልዎታል። ካብራል የግብርና ባለሙያ ነበር። በ1953 ለቅኝ ገዢው መንግሥት የእርሻ ቆጠራ ሲያካሂድ መንደር ለመንደር ዞሮ ማን ምን እንደሚዘራ፣ ስንት እንደሚያገኝ ጽፎ ያውቃል። በ1965 ለፓርቲው አባላት ባወጣው መመሪያ፣ ሕዝብ በማንም ጭንቅላት ውስጥ ላለ ሐሳብ እንደማይታገል አስታውሷቸዋል፤ የሚታገለው የተሻለ ኑሮና ሰላም ለማግኘት፣ የልጆቹን ዕጣ ለማስተካከል ነው ብሎ። በዚያው መመሪያ አትዋሹ፣ ቀላል ድል አግኝተናል አትበሉ አላቸው። ሩዝ የሚዘራውን ሰው ስም እየጠራ የቆጠረ ሰው እንዲህ ቢናገር አይደንቀኝም። ስለ አብዛኞቹ ግን እንዲህ እላለሁ፦ ሲጮኹት ያምኑት ነበር፤ ያሳዘነኝም እሱ ነው።

በነገራችን ላይ የጎረቤታችንን የሱዳንን ማንሳት ይገባኛል። በ1953 ምርጫ ያሸነፈው የኢስማኢል አልአዝሃሪ ፓርቲ መፈክሩ የናይል ሸለቆ አንድነት፣ ማለትም ከግብፅ ጋር መዋሐድ ነበር። ተፎካካሪው «ሱዳን ለሱዳናውያን» ይል ነበር። አልአዝሃሪ አሸንፎ ሥልጣን ያዘ፤ ጃንዋሪ 1 ቀን 1956 ግን ሱዳንን ለብቻዋ ነጻ አገር አድርጎ ሰንደቋን የሰቀለ እሱ ራሱ ነው። በተሸነፈው ወገን መፈክር አገር የመሠረተ አሸናፊ እንደ እሱ ብዙ አላውቅም።

«የሰፈራችን ወጣቶች ክረምት ሳይገባ የጎርፍ መውረጃ ቦዩን ለማጽዳት ዘመቻ ጠርተናል። ለባነሩ ‹ንጹሕ አካባቢ ለብሩህ ነገ› የሚል መርጠናል። ጋሼ፣ ስሕተት ካለው ያርሙልን።»
የወጣቶች ኮሚቴ፣ አዳማ

ፊደሉ ደኅና ነው። «ብሩህ ነገ»ን ግን በዚህች ከተማ ጎርፍ በመጣ ቁጥር ሰቅለነዋል፤ ቦዩ ውስጥ ፈልጋችሁ ብትቆፍሩ አሮጌዎቹን ታገኟቸዋላችሁ። «ቅዳሜ ጠዋት 1 ሰዓት፣ አካፋ ይዛችሁ ኑ» ብላችሁ ጻፉ፤ ቦታውን ከስሩ ጨምሩበት። ባነር ቤቱ የሚያስከፍላችሁ በካሬ ሜትር ስለሆነ ትንሹ ይበቃችኋል። በሚተርፈው ገንዘብ አካፋ ግዙ፤ ባዶ እጁን የሚመጣ አይጠፋም።